«ቤታችሁን ሳሉ» ከማለታችሁ በፊት፦ መከራ ላዩ ልጆች የጥበብ ክፍል የመክፈት ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሠራሁት ስህተት እስከ ዛሬ ከፊቴ አይጠፋም። ደብረ ብርሃን ነው። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ቤተሰቦችን ልጆች አንዲት ጠባብ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበናል። ወረቀት አደልኩ፤ እርሳስ አደልኩ። ከዚያ የሥዕል አስተማሪ ሁሉ የሚለውን አልኩ፦ «በሉ፣ ቤታችሁን ሳሉ።»

ከፊት የተቀመጠ የ10 ዓመት ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። «የትኛውን?» አለኝ።

ትቶት የመጣው ቤት አለ። አሁን የሚያድርበት የሸራ መጠለያ አለ። የምመልስለት ጠፋኝ። ልጁ እርሳሱን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠና እስክንበተን ድረስ እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ወሽቆ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ለ4 ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው አዳራሽ ነበርኩ። አሁን የማምነውን በአጭሩ ልናገር። ልጆች ቁስላቸውን እንዲስሉልን አንጠይቃቸው። በሰዓቱ የሚከፈት በር እንስጣቸው፤ በእጃቸው የሚለምዱት ሙያ እናስተምራቸው፤ ሥራቸውን በቁም ነገር እንይላቸው። የቀረው በራሱ ጊዜ ይመጣል። አንዳንዴም አይመጣም፤ ቢሆንም ልጁ ክራር መቃኘት ተምሯል፣ ያ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ይህን የጻፍኩት ለመምህራን፣ ለወጣት ማዕከልና ለሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ እንዲሁም ሙያ ላላቸውና «ምን ላድርግ?» ለሚሉ ሰዎች ነው። መከራ ስል መፈናቀልን ብቻ ማለቴ አይደለም። እናቱ የሞተችበት አለ፣ አባቷ የታሰረባት አለች፣ ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች አለች። የምነግራችሁ ለሁሉም ይሠራል።

1. የምታውቁትን አንድ ጥበብ ምረጡ

ሲጀመር ሁሉም ሰው ሥዕልም፣ ድራማም፣ ሙዚቃም፣ ጭፈራም በአንዴ ያቅዳል። ይቅርባችሁ። እጃችሁ ላይ ያለውን ያዙ። ማሲንቆ የሚጫወት ማሲንቆ ያስተምር። ጥልፍ የምትችል እናት ጥልፍ ታስተምር። ስፌትም፣ ሸክላም፣ ተረትም ጥበብ ነው። የማታውቁትን እያስመሰላችሁ ካስተማራችሁ ግን ልጆቹ በ5 ደቂቃ ይነቁባችኋል።

ለምን ሙያ ላይ እንደማተኩር ልንገራችሁ። እነዚህ ልጆች ሕይወታቸው ላይ ሌላ ሰው ሲወስን ነው የከረሙት። መቼ እንደሚሰደዱ፣ የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚበሉ እነሱን የጠየቃቸው የለም። ወረቀት ላይ ግን መስመሩ የት እንደሚያልፍ የሚወስነው ልጁ ነው። ባለፈው ሳምንት ያቃተው ዛሬ ሲሳካለት ፊቱን እዩት። ያንን ፊት በምክር ማምጣት አይቻልም።

አገራችን ውስጥ የታየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የዳንስ አሠልጣኝ ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከ100 በላይ የጎዳና ልጆችን ይዞ ትልቅ የመድረክ ሥራ አሳየ። ከልጆቹ የተወሰኑት ለዓመታት ሠልጥነው «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ሆኑ። ኋላ ደግሞ እነሱው አሠልጣኝ ሆነው አካል ጉዳተኞችን ጨምሮ ሌሎችን አስተማሩ። እኔን የሚገርመኝ «የጎዳና ልጆች ናቸው» ተብሎ ልምምዱ ያልቀለለላቸው መሆኑ ነው። የእውነት ዳንሰኛ እንዲሆኑ ተጠየቁ፤ ሆኑም።

2. ፈቃድ፣ ቁጥር፣ ሰው

ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ፈቃድ ውሰዱ። ቀበሌው ወይም ትምህርት ቤቱ ይወቅ። በካምፕ ከሆነ አስተባባሪዎቹን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ሽማግሌዎችና እናቶች ሄዳችሁ አነጋግሩ። ቡና ላይ ቁጭ ብላችሁ ምን እንደምትሠሩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትጀምሩና እንደምትጨርሱ አስረዱ። ልጆቹን ጠዋት ቀስቅሰው የሚልኩላችሁ እነዚህ እናቶች ናቸው።

የልጆቹ ቁጥር ከ12 እስከ 15 ይሁን። 40 ልጅ በር ላይ ሲቆም መመለስ ያማል፤ እኔም የመጀመሪያው ወር ላይ አቅቶኝ ሁሉንም አስገብቼ ነበር። ውጤቱ ጩኸት ብቻ ሆነ። ይልቅ ስማቸውን መዝግባችሁ በሁለት ዙር ክፈሏቸው።

አዋቂዎች ሁሌም ቢያንስ ሁለት ሁኑ። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆን። ይህ ሕግ እናንተንም ይመለከታል፤ የምታምኑትን ጓደኛችሁንም ይመለከታል። «እሱማ ጨዋ ነው» ብሎ ነገር የለም።

3. ቦታውና ሰዓቱ

ከዕቃ በፊት ሰዓት። ቅዳሜ 3 ሰዓት ካላችሁ 3 ሰዓት ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ሁለት ልጅ ብቻ ቢመጣ፣ እናንተን ራስ ምታት ቢይዛችሁ በሩ 3 ሰዓት ላይ ክፍት መሆን አለበት። ሁሉ ነገር በድንገት የተለወጠበት ልጅ መጀመሪያ የሚፈትሸው ይህንን ነው። እኛ ጋ አንድ ልጅ ለ3 ሳምንት መንገድ ማዶ ቆሞ በሩ መከፈቱን እያየ ይመለስ ነበር። በ4ኛው ገባ።

በሩን በድንጋይ ደግፋችሁ ክፍት ተዉት። የተዘጋ በር የሚያስጨንቃቸው ልጆች አሉ። ማንም ልጅ ጀርባውን ለበር ሰጥቶ እንዲቀመጥ አታስገድዱ፤ ቦታውን ራሱ ይምረጥ። መዶሻ፣ ፊኛ፣ ድንገት የሚጮህ ነገር አስወግዱ። ከጎን ግንባታ ካለ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ «ዛሬ ጎረቤት ቆርቆሮ እየመታ ነው፤ ድም ድም የሚለው እሱ ነው።» በቃ፣ ያቺ አረፍተ ነገር የስንቱን ልብ ታሳርፋለች።

ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን አሳዩ። የሚጠጣ ውሃ አስቀምጡ። ቆሎም ይሁን ዳቦ ትንሽ የሚቀመስ ነገር ይኑር፤ የሚበላውም ሲጀመር ይሁን፣ ሲያልቅ አይደለም። ቁርስ ያልበላ ልጅ ጥበብ አይገባውም።

4. ዕቃውን ከአካባቢያችሁ አውጡ

ወረቀት፣ እርሳስ፣ መቅረጫ፣ ላጲስና የሰም ቀለም ከተገኘ ግዙ። ሌላው በእጅ ይሠራል። እንዲያውም ዕቃውን ከልጆቹ ጋር መሥራት ራሱን የቻለ የሁለት ሳምንት ትምህርት ነው።

የሥዕል ከሰል፦ ክዳን ያለው የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልጉ። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሱት። ከእርሳስ ብዙ የማይወፍሩ ቀጫጭን ደረቅ እንጨቶች ልጣጫቸውን ልጣችሁ ጣሳው ውስጥ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉ። ከድናችሁ እሳት ውስጥ አስቀምጡት። ከቀዳዳው ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲያቆም አውጡትና ሙሉ ለሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትክፈቱት፤ ትኩሱን ከከፈታችሁት አየር አግኝቶ አመድ ይሆናል። እሳቱን የሚይዘው አዋቂ ነው፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ጭሱን ይጠብቁ። ጣሳው ሲከፈት የሚሉትን «ውይ!» ስሙልኝ።

ቀለም፦ እርድ በጥቂት ውሃ ሲበጠበጥ ጥሩ ቢጫ ይሰጣል። ቀይ ሥር ተቀቅሎ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደበዝዛል። ጠቆር ያለ የቡና አተላ ቡናማ ነው። የምጣድ ጥቀርሻ ጥቁር ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥቀርሻና ከሰል መሆኑን ስነግራቸው ልጆቹ ለምጣዱ ያላቸው አክብሮት ተለወጠ።

ሙጫ፦ 1 ኩባያ የስንዴ ዱቄት በ4 ኩባያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡ። እሳት ላይ እያማሰላችሁ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን አብስሉ። ለወረቀት ከዚህ የተሻለ የለም።

ጭቃ፦ ሰፈሩ ውስጥ ሸክላ የሚሠሩ ሴቶች ካሉ አፈሩን ከየት እንደሚያወጡ ጠይቋቸው፤ ቢቻል አንድ ቀን መጥተው ያስተምሩ፤ ለድካማቸውም ክፈሏቸው። ጠጠሩን ለቅማችሁ አፈሩን ውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ ከዚያ አሹት። ለመፈተን የጣት ውፍረት ያለው ጥቅል አድርጋችሁ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ከተሰነጣጠቀ ውሃ ጨምሩና እንደገና እሹ። ደቀቅ ያለ የጤፍ ጭድ ቢገባበት ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ቤት ሲመረግ ያየ ልጅ ሁሉ ይህን ከእናንተ በላይ ያውቃል፤ እሱ ያስተምር።

5. አንድ ቅዳሜ ምን ይመስላል?

አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ቅርጹ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሚለወጠው ሥራው ብቻ ነው።

መግቢያው 10 ደቂቃ ነው። ክብ ሠርተው ይቁሙ፤ እያንዳንዱ ስሙን ይናገርና አንድ እንቅስቃሴ ያሳይ፤ ሌላው ይድገመው። የማይፈልግ ስሙን ብቻ ይበል። ያንንም የማይፈልግ እጁን ያውለብልብ። ከዚያ እንቆቅልሽ።

እንቆቅልሽን የምወደው ሁሉም ስለሚያውቀው ነው። ግን አንድ የሚያስጠነቅቅ ነገር አለው። መልሱን ያላወቀ «አገር ስጠኝ» ይባላል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ መልሱ ጠፋትና አገር ተጠየቀች። ሳታስብ የመጣችበትን ቀበሌ ስም ሰጠች። አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ደነገጥኩ። ጠያቂው የ11 ዓመት ልጅ ትንሽ አሰበና «ይሄንንስ አልወስድብሽም፤ ሌላ ስጪኝ» አላት። «እሺ፣ ፓሪስ» አለች። ሳቁ እስከ ውጭ ተሰማ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕግ አወጣን፦ በእኛ ክፍል የሚሰጠው አገር ማንም ያልሄደበት አገር ነው።

ከመግቢያው በኋላ 15 ደቂቃ ማሳያ። የዛሬውን ሥራ እናንተ በዝምታ ሠርታችሁ አሳዩ። ማውራት ይቀንስ፤ እጃችሁን ይዩ።

ከዚያ 45 ደቂቃ ሥራ። ይህ ሰዓት የእነሱ ነው። እየዞራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ከላይ ቆማችሁ አትመልከቱ፤ ዝቅ በሉ።

ቀሪው መዝጊያ ነው። ሥራቸውን መሬት ላይ ዘርግተው ዞረው ይዩ። ማሳየት ያልፈለገ ገልብጦ ያስቀምጥ። ዕቃ ያጥቡ፣ ይጥረጉ፣ አንድ መዝሙር ዘምረው ይውጡ። ሌላ ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ካሉ መዝሙሩ በየተራ በቋንቋቸው ይሁን፤ አማርኛ ተናጋሪዎቹ ተንተባትበው ይማሩት። ለአንዴም ቢሆን እነሱ ተማሪ መሆናቸው ጥሩ ነው።

6. ሥራው በምን ቅደም ተከተል ይሂድ?

የ12 ሳምንት ዙር እመክራለሁ። ከቁስሉ ሩቅ ከሆነው ነገር ጀምሩ። ከእጅ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ እንስሳ፣ ከእንስሳ ወደ ተረት፣ ከተረት ወደ ሰው ሂዱ። ወደ ራሳቸው ታሪክ መምጣት ካለባቸው በራሳቸው እግር ይመጣሉ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት መስመር ብቻ። ከበሮ ይመታል፤ በምቱ መስመር ያሰምራሉ። ቀስ ሲል ረጅም፣ ሲፈጥን ነጥብ ነጥብ። ይህን የፈለሰፍኩት እኔ አይደለሁም። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ሠዓሊ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ፕራግ አቅራቢያ ቴሬዚን በሚባል ቦታ ባጎሯቸው አይሁድ ልጆች ዘንድ በምት የሚሠራ የእጅ ማፍታቻ ታስተምር ነበር። እሷም እስረኛ ነበረች። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1944 አውሽቪትዝ ወደሚባለው የናዚዎች የግድያ ካምፕ ተወስዳ ተገደለች። ከመሄዷ በፊት ግን ወደ 4,500 የሚጠጉ የልጆቹ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ቀሩ። ዛሬ ፕራግ ያለው የአይሁድ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ልጆቹን እያንዳንዱን ሥዕል በስማቸው እንዲፈርሙ ትነግራቸው ነበር። ቴሬዚን ውስጥ ሰው ቁጥር ነበር፤ ሥዕሉ ላይ ግን ስም አለ። እኔም ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምይዘው ሕግ ይኸው ነው፦ የልጁ ስም ከሥዕሉ አይለይ።

ከ3ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ዕቃ ይሣሉ። ጀበና፣ ጫማ፣ ሽንኩርት። ሽንኩርት በተለይ ድንቅ ነው፤ ለሁለት ተቆርጦ ሲታይ የቀለበቶቹን ብዛት አይጨርሱትም። ዓይን ሲያይ አእምሮ ከሚያንገላታው ሐሳብ ለጥቂት ጊዜ ያርፋል።

ከ6ኛው እስከ 8ኛው ጭቃና እንስሳ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ «የትኛውን?» ያለኝ ልጅ ለ5 ሳምንት ከመስመር ያለፈ ነገር አልሠራም። ጭቃ የመጣ ቀን ግን እጅጌውን ሰበሰበ። በሬ ሠራ። ከዚያ ሌላ በሬ። ከዚያ ላም ከነጥጃዋ። በሦስተኛው ሳምንት 9 ከብት ደርድሮ ነበር። ሁሉም ስም አላቸው፦ ቡሬ፣ ዳለቻ፣ ወይኖ... እየነካካ ቆጠራቸው። የማን ከብቶች እንደሆኑ ገባኝ። አልጠየቅኩትም።

እሱ ግን ጥያቄ ነበረው። «ቲቸር፣ ቀንዱ ይወድቃል» አለኝ። አየሁት፤ የደረቀ ጭንቅላት ላይ እርጥብ ቀንድ ነው የሚለጥፈው። አሳየሁት፦ ሁለቱም እርጥብ ሆነው፣ መገናኛቸውን በእሾህ ጫር ጫር አድርጎ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ ጭቃ መሃላቸው ቀብቶ መጫን። ከዚያ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ማድረቅ። ቡሬን እንደገና ሠራው። ቀንዱ ያዘ። በቀጣዩ ቅዳሜ ሮጦ መጥቶ «አልወደቀም!» አለኝ። ከዚያ ልጅ ጋር ስለ መከራው አንድም ቀን አላወራንም። ስለ ቀንድ ግን ብዙ አውርተናል።

ከ9ኛው እስከ 11ኛው ተረትና ድራማ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የማይል የለም። የጅብና የአህያ ተረት ውስጥ ፍርሃትም፣ ጉልበተኝነትም፣ ብልጠትም አለ፤ ሁሉንም በእንስሳ አፍ መናገር ይቻላል። ትልልቆቹ ጋ ብራዚላዊው አውግስቶ ቦአል ያስተዋወቀውን የድራማ ዓይነት ሞክሩ። አንድ ችግር የ5 ደቂቃ ጭውውት ይሆናል፤ ለምሳሌ ውሃ ቀጂዎች ሰልፍ ላይ ጉልበተኛ ጄሪካን ገፍቶ ይቀድማል። መጨረሻው ሳያምር ያልቃል። ከዚያ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ ከተመልካቹ አንዱ «ቁም!» ብሎ ይነሳና በተገፋው ልጅ ቦታ ገብቶ ሌላ መላ ይሞክራል። ጉልበተኛው አይቀየርም፤ የሚቀየረው የተገፋው የሚያደርገው ነገር ነው። አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ማንም ልጅ የራሱን የደረሰበትን ነገር መድረክ ላይ አይጫወት።

12ኛው ሳምንት ማሳያና ስንብት ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

7. ምን ትላላችሁ? ምንስ አትሉም?

«ምን ተሰማህ?» አትበሉ። «ይህ ምንን ይገልጻል?» አትበሉ። ጥቁር የተጠቀመ ልጅ ሁሉ አዝኖ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላው ቀለም ጎረቤቱ ጋ ስለሆነ ነው። ሥዕል አይቶ የልጅን ልብ አነበብኩ ማለት የባለሙያም ድፍረት ነው።

«ጎበዝ!» ብቻ ብላችሁም አትለፉ። ያያችሁትን ንገሩት። «ይህቺን ጥላ እዚህ ጋ አጠቆርካት፤ ጀበናው መሬት ላይ የተቀመጠ መሰለ።» «የዛሬው ምትሽ ካለፈው ሳምንት የቀና ነው።» ልጁ እውነት እንዳያችሁለት ያውቃል። ሥራው ካላማረም በክብር ንገሩት። ምስኪን ነው ብላችሁ ሁሉንም ካደነቃችሁ ማድነቃችሁ ዋጋ ያጣል።

«አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለው ከአፋችን ቶሎ የሚወጣ ቃል ነው። አባቱ ለሞተበት ልጅ ግን ከባድ ነው። «አይዞህ»ን ብቻ በሉ፤ የቀረውን ዋጡት።

8. ልጁ ሲፈነዳ ወይም ሲናገር

ይህ ቀን ይመጣል። ዘፈን እየዘፈኑ አንዷ ታለቅሳለች። ወይም አንዱ ድንገት ይደነዝዝና የት እንዳለ ይጠፋዋል።

መጀመሪያ እናንተ ተረጋጉ። አንዱ አዋቂ ከሌሎቹ ጋር ሥራውን ይቀጥል፤ ሌላው ልጁ ጎን ይቀመጥ። ከሰው ዓይን ገለል በሉ፣ ግን በር ክፍት ወዳለበት። አትቀፉት፤ መጀመሪያ ጠይቁት። በስሙ ጥሩት፤ የት እንዳለ ንገሩት፦ «አዳራሻችን ውስጥ ነን። ቅዳሜ ነው። እኔ አጠገብህ ነኝ።» እግሩን መሬት ላይ ጫን እንዲያደርግ ንገሩት። ውሃ ስጡት። እጁ ላይ ጭቃ መስጠት ይረዳል፤ ቀዝቃዛና ከባድ ነገር መጨበጥ ይመልሳል።

መናገር ከፈለገ ስሙት። አታቋርጡ፤ «ከዚያስ?» እያላችሁም አትቆፍሩ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ማንም እየጎዳው ከሆነ መናገር ግዴታችሁ ነው። «አንተን ለመርዳት ለአንድ ሰው መንገር ሊኖርብኝ ይችላል፤ ለማን እንደምነግር አስቀድሜ እነግርሃለሁ» በሉት።

ራሱን ስለመጉዳት ካወራ፣ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ ከቀረው፣ ወይም ከሰው ጨርሶ ከተለየ ጉዳዩ ከጥበብ ክፍል በላይ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋግራችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ጤና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ራሱን ስለመጉዳት ካወራ ቀን አትጠብቁ፤ የዚያኑ ቀን ሂዱ፤ እስክትደርሱም ብቻውን አትተዉት። ክፍሉን ከመክፈታችሁ በፊት የት እንደምትልኩ፣ ለማን እንደምትደውሉ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ያዙ። ጸበል የሚሄድ ቤተሰብ ካለ አትከራከሩ፤ «ጸበሉም ይሁን፣ ሐኪሙም ይየው» በሉ። ሁለቱ አይጣሉም።

9. ጎረምሶችና ኮረዶች

ከ15 ዓመት በላይ የሆነው ልጅ «የልጅ ሥራ» ከመሰለው ይሄዳል። ኃላፊነት ስጡት። ድምፅ ማጉያውን የሚቆጣጠር፣ ለከሰሉ እንጨት የሚያዘጋጅ፣ ትንንሾቹን የሚያሳይ ይሁን። ራፕ መጻፍ ከፈለገ ይጻፍ፤ ቤት መምታትን እንደ ቅኔ በቁም ነገር አስተምሩት። እንጉርጉሮና ቀረርቶ ያለው ሕዝብ ልጅ ነው፤ በዜማ መናገር አዲስ አይሆንበትም።

ይህ ዕድሜ መተዳደሪያም ያስባል። «ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ይላችኋል። አትዋሹት። ለአብዛኛው አይሆንም፤ ለጥቂቶች ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ፍካት ሰርከስ ወጣቶችን አሠልጥኖ ለመድረክ ያበቃል። አባላቱ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል እየሄዱ የታመሙ ልጆችን ያስቃሉ። የመድረክ ሙያ ከተመልካች ሌላ ለታመመ ሕፃንም እንደሚደርስ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

ሴቶቹ ላይ ልዩ ትኩረት። ውሃ መቅዳት፣ እንጀራ መጋገር፣ ታናናሾችን መያዝ ስላለባቸው ቀድመው የሚቀሩት እነሱ ናቸው። እናቶቻቸውን የሚመቻቸውን ሰዓት ጠይቁ። ታናሽ እህቷን አዝላ ብትመጣም ትግባ። ሳይመሽ ቤት ይድረሱ።

10. ለሰው ማሳየት

እዚህ ላይ ቁጭት አለብኝ። በሁለተኛው ዓመት እንግዶች መጡ፤ የሚረዱን ሰዎች ነበሩ። አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ሥዕሏን ይዛ እንድትቆምና «የደረሰባትን» እንድትነግራቸው ጠየቁ። ዝም አልኩ። ተናገረች። አጨበጨቡ፤ ፎቶ አነሱ። በቀጣዩ ቅዳሜ አልመጣችም። ከዚያ በኋላም አልመጣችም። ያን ቀን «አይሆንም» ማለት ነበረብኝ።

ስለዚህ፦ እንግዳ ከመምጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንደማይቻል ንገሩት። ሥዕሉ የልጁ ነው፤ ከመሰቀሉ በፊት እሱ ይፍቀድ፣ ሐሳቡንም ከቀየረ ይውረድ። ፊታቸው የሚታይ ፎቶ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ አትለጥፉ፤ አንዳንዱን ቤተሰብ የሚፈልገው ሰው ሊኖር ይችላል። ከግድግዳው ሥራ ሥር «ተፈናቃይ» ብላችሁ አትጻፉ። ስምና ዕድሜ ይበቃል፤ ቤተሰቡ ካሰጋው የመጀመሪያ ስም ብቻ።

ጥሩ ማሳያ ቀላል ነው። ወላጆች፣ ጎረቤቶች፣ ቡና፣ ፈንዲሻ። ልጆቹ እንዴት እንደሠሩት ያስረዱ። ከሰል እንዴት እንደሚሠራ ለአዋቂ የሚያስረዳ የ9 ዓመት ልጅ ቁመቱ ይጨምራል።

11. መዝጋት

እነዚህ ልጆች ሳይሰናበቱ የጠፋባቸው ሰው ብዙ ነው። እናንተ ከነዚያ አትሁኑ። ከመጀመሪያው ቀን 12 ክብ ግድግዳ ላይ ሣሉ፤ በየሳምንቱ አንዱን ይቀቡት። ስንት እንደቀረ ሁሉም ያያል። በ9ኛው ሳምንት ስለ መጨረሻው ቀን ማውራት ጀምሩ። አትመለሱ ከሆነ «እንገናኛለን» አትበሉ።

በመጨረሻው ቀን እያንዳንዱ ሥራውን በካርቶን ማኅደር ይዞ ይሂድ። ስሙ በትልቁ ይጻፍበት። የሸራ ቤት ያፈሳልና ማኅደሩን ፌስታል ውስጥ አስገቡት።

እናንተም ሰው ናችሁ። ከክፍል በኋላ ከባልደረባችሁ ጋር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ቀኑን አውሩት። የሰማችሁት ሌሊት መቀስቀስ ከጀመረ አንድ ዙር እረፉ፤ ተተኪ አዘጋጁ።

ተተኪ ደግሞ ከክፍሉ ውስጥ ይገኛል። የእኛ አዳራሽ ቁልፍ አሁን አንዲት የ19 ዓመት ልጅ ጋ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዷ ነበረች። ቅዳሜ 2፡30 ላይ መጥታ ትጠርጋለች፣ ውሃ ትቀዳለች፣ ቆሎውን በየሳህኑ ታደርጋለች። 3 ሰዓት ሲሆን ድንጋዩ በሩ ሥር ነው።